ብሌንደር ላይ ደህና የነበረ ጀበና ጎዶት ውስጥ ተበሳሳ፤ ቄጤማውም ጨዋታውን አጎተተው

ቡና_ቁርስ፦

ሰላም ለሁላችሁ።

ሁለት ሆነን ቡና የማፍላት ጨዋታ እየሠራን ነው። ተጫዋቹ ቡናውን ይቆላል፣ ይወቅጣል፣ ጀበናውን ይጥዳል፣ ከዚያ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ይቀዳል። ሞዴሉን በብሌንደር 4.2፣ ጨዋታውን በጎዶት 4.3 ነው የምንሠራው። በብሮውዘር እንዲከፈት ስለምንፈልግ ሬንደረሩን (ምስሉን የሚስለውን ክፍል) ኮምፓቲቢሊቲ የሚባለው ላይ አድርገነዋል። ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም አለው፤ ለብቻው የግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ብቻ ነው።

ያስቸገሩን ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ጀበናው ብሌንደር ላይ ሙሉ ነው። በጂኤልቢ ፋይል አውጥተን ጎዶት ውስጥ ካስገባነው በኋላ አዲስ ማቴሪያል (የገጹን ቀለምና አንጸባራቂነት) ሠርተን ስናለብሰው ግን እጀታው ተገልብጦ የውስጥ ግድግዳው ይታያል። አፉን ከላይ ሲያዩት ደግሞ ባዶ ነው፤ ወለሉ በውስጡ አልፎ ይታያል። ሞዴሉ የተሠራባቸው የሦስት ማዕዘኖች ብዛት 212,480 ነው ይላል።

ሲኒዎቹ 12 ናቸው። ረከቦቱ ላይ ስናስቀምጣቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዳንዱ ረከቦቱን አልፎ ወለል ላይ ይወድቃል። ብሌንደር ላይ የሲኒው ስኬል (የመጠን ማባዣ) በሦስቱም አቅጣጫ 0.030 ይላል።

የተጎዘጎዘው ቄጤማ 3,500 ቅጠል ሲሆን እያንዳንዱ ቅጠል ራሱን የቻለ ኖድ (ጎዶት ለብቻው የሚይዘው ዕቃ) ነው። ካሜራው ወደ ወለሉ ሲዞር በሰከንድ ከ50 ፍሬም ወደ 9 ይወርዳል። ዕጣኑ መጨስ ሲጀምር ይብሳል።

የአማርኛው ጽሑፍ ላፕቶፑ ላይ በደንብ ይነበባል፤ ብሮውዘር ላይ ሁሉም ባዶ ሳጥን ይሆናል።

ከየት እንጀምር? ላፕቶፑ አልችል ብሎ ነው ወይስ አሠራራችን ነው?


ሜሽ_አጥኚ፦

ላፕቶፑ አይደለም። ከዘረዘራችሁት ውስጥ ማሽን በመቀየር የሚስተካከል አንድም የለም፤ ቢበዛ ችግሩን ይሸፍንባችሁ ነበር። እኔ ስለ ጀበናውና ስለ ሲኒው ልጻፍ፤ የቄጤማውን ሌላ ሰው ይቀጥልበት።

ከቁጥሩ ልነሳ። 212,480ን ለ256 አካፍሉት። 830 ይመጣል፣ ቀሪ የለውም። ሰብዲቪዥን ሰርፌስ የሚባለው ሞዲፋየር ደረጃው በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር እያንዳንዱን ባለ አራት ጎን ፊት ለአራት ይከፍለዋል። ደረጃ 4 ማለት 256 እጥፍ ማለት ነው። ሞዲፋየሩ 4 ላይ ሆኖ «አፕላይ ሞዲፋየርስ» እንደተመረጠ አውጥታችሁታል። በእጃችሁ የሠራችሁት ጀበና 415 ባለ አራት ጎን ፊት፣ ማለትም 830 ሦስት ማዕዘን ነበር። ለጨዋታው የሚያስፈልጋችሁ ሞዴል ያ ነው፤ አሁንም ከሞዲፋየሩ ሥር አለላችሁ። ፋይሉን ገልብጡና አንዱን ደረጃ 4 እንደሆነ «ከፍተኛ» ብላችሁ አስቀምጡት፣ በኋላ ለቤክ (ዝርዝሩን ወደ ምስል ለመገልበጥ) ይጠቅማል። ከሌላው ላይ ሞዲፋየሩን አንሱ።

ሞዲፋየሩ ሲነሳ ጀበናው ትንሽ ፈርጠም ይላል፤ ሰብዲቪዥን ጠርዙን ወደ ውስጥ እየሳበ ስለሚያለሰልስ ነው። ያን ጊዜ ጎኖቹን የት እንዳዋላችኋቸው ተመልከቱ። ዓይን የሚያየው የዳር መስመሩን ነው። ለጀበና ጥሩ አከፋፈል እንዲህ ነው፦ ሆድና አንገት 16 ጎን በ15 ቀለበት (480 ሦስት ማዕዘን)፣ እጀታ 8 ጎን በ10 ክፍል (160)፣ መቅጃ 8 ጎን በ5 ክፍል (80)፣ የአፉ ውስጠኛ ጉሮሮ 2 ቀለበት (64)፣ የታች መቀመጫ 14። ተደምሮ 798 ነው። ከ15ቱ ቀለበት አብዛኛውን ሆዱ ወደ አንገት በሚታጠፍበት ትከሻ ላይ አድርጉት። ቀጥ ባለው አንገት ላይ ከሁለት በላይ ቀለበት ብክነት ነው።

እጀታውንና መቅጃውን ከሆዱ ጋር በቡሊያን (ቅርጾችን ቆርጦ በሚያዋህደው መሣሪያ) ለመስፋት አትድከሙ። ጫፋቸው ሆዱ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ገብቶ ቢቀመጥ ይበቃል። ቡሊያን በመገናኛው ዙሪያ ቀጫጭን የተጠማዘዙ ሦስት ማዕዘኖች ትቶ ብርሃኑን ያበላሸዋል።

ወደ መበሳሳቱ ልምጣ። ብሌንደር በራሱ መስኮት የፊቱን ጀርባም ያሳያችኋል፤ ጂኤልቲኤፍም (ጂኤልቢ የእሱ አንድ ዓይነት ነው) በሁለት በኩል የሚታይ መሆኑን መዝግቦ ወደ ጎዶት ያሻግረዋል። እናንተ ግን ማቴሪያሉን ጎዶት ውስጥ አዲስ ሠርታችኋል። የጎዶት አዲስ ማቴሪያል ኩሊንጉ «ባክ» ነው፤ ጀርባውን ወደ ካሜራ ያዞረ ፊት አይሳልም። የእጀታችሁ ፊቶች ወደ ውስጥ ስለዞሩ ውጩ ጠፋ። «ኩሊንጉን ዲሴብልድ አድርጉት» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። አታድርጉት፤ ስህተቱን ይደብቃል፣ የማይታየውንም ጀርባ እንዲሳል ያደርጋል። ፊቶቹን ማዞር ነው የሚሻለው።

አሠራሩ፦ ብሌንደር ላይ ከኦቨርሌይ ዝርዝር «ፌስ ኦሪየንቴሽን» የሚለውን አብሩ። ውጭ ሰማያዊ፣ ውስጥ ቀይ ይሆናል። ኤዲት ሞድ ገብታችሁ ሁሉንም በኤ ምረጡና ሺፍትና ኤን ተጫኑ። ከዚያ በፊት ግን ኤም ተጭናችሁ «ባይ ዲስታንስ» በ0.0001 ሜትር አድርጉ፤ ተደራራቢ ነጥቦች ካሉ ሺፍትና ኤን የትኛው ውጭ፣ የትኛው ውስጥ እንደሆነ ይስታል። እጀታው የተገለበጠው አንዱን ጎን በኤክስ አቅጣጫ በአሉታዊ አንድ ስኬል ገልብጣችሁት ይሆናል፤ የዚህ ዓይነት ስህተት ዋናው ምንጭ እሱ ነው።

አፉ ባዶ የሆነው ጀበናው ውፍረት የሌለው ልጣጭ ስለሆነ ነው። ሙሉ ውስጡን አትሥሩ። የአፉን ጠርዝ ኢ ተጭናችሁ ወደ ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ ወደ ታች 3 ሴንቲ ሜትር ጎትቱና በጥቁር ክዳን ዝጉት። ከዚያ በታች ማንም አያይም።

የሲኒው 0.030 ደግሞ እንዲህ ይነበባል። የብሌንደር ሲሊንደር ሲፈጠር ቁመቱም ስፋቱም 2 ሜትር ነው፤ በ0.030 ሲባዛ 6 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ልኩ ትክክል ነው፣ ስኬሉ ግን ኖዱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ጎዶት ውስጥ የግጭት ቅርጽ ስኬል በተደረገ ኖድ ሥር ሲገባ ፊዚክሱ ይዛባል። ኦብጀክት ሞድ ላይ ሆናችሁ ኮንትሮልና ኤ፣ «ሮቴሽን ኤንድ ስኬል»። 12ቱ ሲኒዎች አንድ ሜሽ (የቅርጽ መረብ) የሚጋሩ ከሆነ ብሌንደር ለየብቻ ሜሽ ካልሰጣችኋቸው አይተገብረውም። ያን ጊዜ እያንዳንዱን ለብቻው አታላቅቁት፤ 11ዱን ደምስሱ፣ አንዱን አስተካክሉ፣ እንደገና በአልትና ዲ አባዙት። በሺፍትና ዲ ካበዛችሁት 12 የተለያየ ሜሽ ነው የሚሆነው።

ስኬሉ አንድ ከሆነ በኋላም ፌስ ኦሪየንቴሽኑን አንድ ጊዜ ደግማችሁ እዩ። አሉታዊ ስኬል ሲተገበር ፊት ይገለብጣል።


ፍሬም_ቆጣሪ፦

የቄጤማው ነገር የብዙ ሰው ችግር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

3,500 ቅጠል በሦስት ማዕዘን ሲቆጠር ምንም አይደለም። የሚከብደው 3,500 ጊዜ «ይህን ሳል» የሚል ትዕዛዝ ከፕሮሰሰሩ ወደ ግራፊክሱ መላኩ ነው፤ ድሮው ኮል የምንለው። ፎርዋርድ ፕላስ የሚባለው ሬንደረር ተመሳሳይ ሜሽና ማቴሪያል ያላቸውን በራሱ ይሰበስባቸዋል። ኮምፓቲቢሊቲ አይሰበስብም፣ የብሮውዘር ጨዋታ ደግሞ የሚሄደው በእሱ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የከሰል ምድጃው ኦምኒ መብራት (በሁሉም አቅጣጫ የሚያበራ) ጥላ የሚጥል ከሆነ ያው ቄጤማ ለጥላው ሲባል እንደገና ይሳላል።

መጀመሪያ ለኩት። ጨዋታው እየሄደ ዲበገር ውስጥ «ሞኒተርስ» ክፈቱ፤ «ራስተር» በሚለው ክፍል «ቶታል ድሮው ኮልስ» አለ። ካሜራውን ወደ ወለሉ አዙሩና ቁጥሩን ጻፉት። ከማስተካከላችሁ በፊት ያለውን ቁጥር ካልያዛችሁ የትኛው ለውጥ እንደጠቀመ አታውቁም።

ከዚያ መልቲሜሽ (ብዙ ቅጂን በአንድ ትዕዛዝ የሚስል) ነው መንገዱ። ብሌንደር ላይ አንድ ሳይሆን አምስት ቅጠል አንድ ላይ የተበተኑበት ትንሽ ዘለላ ሥሩ። እያንዳንዱ ቅጠል 4 ሦስት ማዕዘን ይበቃዋል፦ መሃሉ ላይ አንዴ የታጠፈ ጠፍጣፋ ጭረት። ግልጽነት ያለው ቴክስቸር (ሜሹ የሚለብሰው ምስል) አትጠቀሙ፤ የቄጤማ ቅጠል ቀጭንና ቀጥ ያለ ስለሆነ በሜሹ ብቻ ይሠራል። 700 ዘለላ በ20 ሦስት ማዕዘን 14,000 ነው፣ የቅጠሉም ብዛት ያው 3,500 ይሆናል።

ጎዶት ውስጥ ቄጤማው በሚጎዘጎዝበት ቦታ ልክ ጠፍጣፋ ሜሽ አስቀምጡ። የቤቱን ወለልና ግድግዳ አንድ ላይ የያዘ ሜሽ ከሰጣችሁት ቄጤማው ግድግዳ ላይም ይበቅላል። መልቲሜሽኢንስታንስ3ዲ ጨምሩ፤ ከላይ በሚወጣው «መልቲሜሽ» ዝርዝር «ፖፑሌት ሰርፌስ» አለ። ታርጌቱ ያ ጠፍጣፋ ሜሽ፣ ምንጩ ዘለላው፣ ራንደም ሮቴሽን 1፣ ራንደም ስኬል 0.2 ገደማ። ዘለላው ተኝቶ ሳይሆን ቆሞ ከወጣ «ሜሽ አፕ አክሲስ» የሚለውን ቀይሩ።

ሁሉንም በአንድ መልቲሜሽ አታድርጉት። መልቲሜሽ ለካሜራ እንደ አንድ ዕቃ ነው፤ ጥጉ ብቻ ቢታይ እንኳ ሙሉው ይሳላል። ክፍሉን ለአራት ከፍላችሁ እያንዳንዱ 175 ዘለላ ቢይዝ 4 ድሮው ኮል ነው። በመጨረሻም «ካስት ሻዶው» ኦፍ ይሁን። መሬት ላይ የተኛ ሣር ጥላው አይታይም፤ ያን ጥቁረት የወለሉ ቴክስቸር ላይ ቀቡት።

ጢሱ ሌላ በሽታ ነው። እዚህ የሚያስቸግረው አንድ ፒክሰል ስንት ጊዜ እንደሚቀባ ነው። 200 ትልልቅ ግልጽ ምስሎች አንዱ በአንዱ ላይ ሲደራረቡ ያው ፒክሰል ብዙ ጊዜ ይሰላል፤ ከራም ጋር ማህደረ ትውስታ ለሚጋራ ግራፊክስ ይህ ከሁሉም ይከብደዋል። የዕጣን ጢስ መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ከፍ ሲል ነው የሚበተነው። ስለዚህ ቀጥ ያለውን ክፍል በአንድ ረጅም ጠባብ ሜሽ ሥሩትና ቴክስቸሩ ወደ ላይ ይንሸራተት፤ ለሚበተነው ጫፍ 12 ፓርቲክል ይበቃል። ማቴሪያሉ «አንሼድድ» (ብርሃን የማይሰላበት) ይሁን። ካሜራው ጢሱ ውስጥ እንዳይገባ ደግሞ «ፕሮክሲሚቲ ፌድ» ሳይሆን «ዲስታንስ ፌድ» ተጠቀሙ፤ ሲቀርብ ቀስ ብሎ ይጠፋል።

ቴክስቸራችሁንም ፈትሹ። 4096 በ4096 የሆነ ያልታመቀ ቴክስቸር 64 ሜጋባይት ነው፤ ሚፕማፕ (ለሩቅ ዕይታ የሚዘጋጁ ትንንሽ ቅጂዎች) ሲጨመር 85 ገደማ ይደርሳል። 1024 ከሚፕማፑ ጋር 5.3 ሜጋባይት ነው። ለጀበናው 1024፤ ሲኒ፣ ረከቦት፣ ሙቀጫና ዘነዘና ሁሉም አንድ 1024 ተጋርተው አንድ ማቴሪያል ይልበሱ።


ጭቃ_ቤት፦

ሁለቱም ያሉት ላይ እስማማለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛው፣ የጀበናውን ጥቀርሻ በኖይዝና በከለር ራምፕ ኖዶች ሠርታችሁት ከሆነ ከብሌንደር አይወጣም። ጂኤልቲኤፍ የሚያሻግረው ፕሪንሲፕልድ (የብሌንደር ዋናው የማቴሪያል ኖድ) ላይ በቀጥታ የተሰካ ምስል ወይም ነጠላ ቀለም ነው። ማቴሪያሉን ጎዶት ላይ እንደ አዲስ የሠራችሁትም ግራጫ ሆኖ ስለወጣባችሁ ሳይሆን አይቀርም። መፍትሔው ቀለሙንም ወደ ምስል ቤክ ማድረግ ነው፤ ዓይነቱ «ዲፊውዝ»፣ ዳይሬክትና ኢንዳይሬክት ጠፍተው «ከለር» ብቻ በርቶ።

ሁለተኛው ሲኒዎቹ ናቸው። ስኬሉ ከተስተካከለ በኋላም 12 ትንንሽ ዕቃ ረከቦት ላይ በፊዚክስ ማስቀመጥ አልመክርም። ረከቦት ላይ የተደረደረ ሲኒ መንቀሳቀስ የለበትም። ሪጂድቦዲው (በፊዚክስ የሚንቀሳቀሰው ኖድ) «ፍሪዝ» ሆኖ ይቀመጥ፤ ተጫዋቹ ሲያነሳው ብቻ ይለቀቅ። የግጭቱ ቅርጽ ሲሊንደር ይሁን፣ የሲኒው ሜሽ ራሱ አይሁን፤ የሲሊንደሩን ልክ በራዲየስና በቁመት ቁጥር ቀይሩት እንጂ በስኬል አትጎትቱት። ለረከቦቱ ብሌንደር ላይ ቀላል ሳጥን ሠርታችሁ በስሙ መጨረሻ ሰረዝና «ኮንቭኮልኦንሊ» ብትጽፉ (በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ) ጎዶት ሲያስገባው የማይታይ የግጭት ቅርጽ ያደርገዋል። ወደ ጎዶት 4.4 ስትሻገሩ ጆልት የተባለው የፊዚክስ ሞተር አብሮ ስለሚመጣ መሞከር ትችላላችሁ፤ ለአሁኑ ግን አያስፈልጋችሁም።

ቡናውንም እንደ ፈሳሽ ለማስላት አትሞክሩ። የሚወርደው ቡና ቀጭን የታጠፈ ቱቦ ነው፣ ቴክስቸሩ ወደ ታች ይሮጣል። ሲኒው ውስጥ ያለው ቡና ከታች ወደ ላይ የሚነሳ ክብ ሳህን ነው። ሲኒ ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚሄድ ሳህኑ ከፍ ሲል በስፋትም ማደግ አለበት፤ አለዚያ ዙሪያው ክፍተት ይታያል። መቅዳት የሚጀምርበት ዘንበል በጀበናው ውስጥ ባለው መጠን ይወሰን፦ ሙሉ ሲሆን 30 ዲግሪ፣ ሊያልቅ ሲል 75። በመሃል ያለውን በሌርፕ (በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን በሚያሰላው ፈንክሽን) ታገኙታላችሁ። ይህች አንዲት መስመር ናት ተጫዋቹ ጀበናው እየቀለለ መሄዱን እንዲሰማው የምታደርገው። አተላው እንዳይወርድ መጠኑ ከ10 በመቶ ሲያንስ የቡናውን ቀለም አደፍርሱት፤ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያቆማል።

ጀበናው የሚሽከረከርበት ነጥብ ደግሞ መቀመጫው ላይ ከሆነ ሲዘነበል አየር ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። የሜሹ ኦሪጂን መቀመጫው ላይ ይቆይ፣ ማቶቱ ላይ ለማስቀመጥ ይመቻል። ለመቅዳት ግን እጀታው ላይ ባዶ ኖድ3ዲ አድርጋችሁ ጀበናውን ከሥሩ አስገቡት፤ የሚዞረው ባዶው ኖድ ነው።


ፊደል_ለቃሚ፦

ስለ ጽሑፉ።

የጎዶት የራሱ ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ላፕቶፑ ላይ የታያችሁ ጎዶት ፊደሉን ሲያጣ ከዊንዶውስ ፎንቶች ስለሚበደር ነው። ብሮውዘር ውስጥ የሚበደርበት የለም፣ ስለዚህ ሳጥን። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡ፤ ሁለቱም በኦፕን ፎንት ላይሰንስ ስለተለቀቁ ከጨዋታው ጋር ማሰራጨት ይፈቀዳል። ከዚያ በፕሮጀክት ሴቲንግስ፣ «ጂዩአይ»፣ «ቲም»፣ «ከስተም ፎንት» ላይ ስጡት። የፎንቱ ኢምፖርት ላይ «አላው ሲስተም ፎልባክ» የሚለውን አጥፉት፤ የጎደለ ፊደል ካለ ያኔ ላፕቶፓችሁም ላይ ሳጥን ሆኖ ታዩታላችሁ፣ ብሮውዘር እስክትከፍቱ መጠበቅ የለባችሁም። ለላቲን ፊደልና ለቁጥር «ፎልባክስ» ላይ ሌላ ፎንት ጨምሩ።

ግዕዝ ለጨዋታ ሞተር ቀላል ፊደል ነው። እንደ ዓረብኛ አይቀጣጠልም፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ፊደል በዩኒኮድ አንድ ቁጥር ነው። ስለዚህ ንግግሩ ፊደል በፊደል እየተጻፈ እንዲወጣ «ቪዚብል ካራክተርስ»ን በአንድ መጨመር ብቻ ነው፤ ግማሽ ፊደል አይወጣም። ጥንቃቄ የሚፈልገው መጠኑ ነው። በ14 ፒክሰል ጸ እና ጾ፣ ቀ እና ቐ አይለዩም። ለአማርኛ ከ20 አትውረዱ። አዝራሮቹንም በቋሚ ስፋት አትሥሩ፣ በኮንቴይነር ይለጠጡ።

ትርጉሙን በሲኤስቪ ፋይል ከያዛችሁት በዩቲኤፍ 8 (በዩኒኮድ አጻጻፍ) ሆኖ መቀመጡን አረጋግጡ። ኤክሴል ላይ በተራው የሲኤስቪ ምርጫ ካስቀመጣችሁት አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል፤ አንዴ ከሆነ በኋላ አይመለስም።

ተጫዋቹ ቃል የሚጽፍበት ቦታ ካለ ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ከማወዳደራችሁ በፊት ወደ አንድ አምጧቸው። «ዕጣን» ብሎ የጻፈ ሰው «እጣን» አይደለም ተብሎ መመለስ የለበትም።


ቡና_ቁርስ፦

እግዜር ይስጥልን። ሁሉንም በተራ ሠራን። ወለሉን ስናይ ድሮው ኮሉ 3,640 ነበር፤ አሁን 58 ነው፣ ፍሬሙም ከ50 አይወርድም። ጀበናው 812 ሦስት ማዕዘን ላይ ቆመ፤ ሲኒዎቹም ጸጥ ብለዋል።

ከከፍተኛው ጀበና ወደ ዝቅተኛው ኖርማል ማፕ (ጭረትና ጉብታን በብርሃን የሚያሳይ ምስል) ቤክ ስናደርግ ግን መቅጃው ሆዱን የሚነካበት ዙሪያ ጥቋቁር እድፍ ወጣ። በጀርባውም ከላይ እስከ ታች ቀጭን መስመር ይታያል። ኤክስትሩዥኑን (የቤኩ ጨረር ከገጹ ርቆ የሚነሳበትን ርቀት) ከ0.005 ወደ 0.05 ብናሳድገው እድፉ ባሰ።


ሜሽ_አጥኚ፦

28 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ጀበና 0.05 ማለት 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ጨረሩ ከሆዱ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ተነስቶ ወደ ሆዱ ሲመለስ መንገድ ላይ መቅጃውን ያገኛል፤ የመቅጃውን ቅርጽ ሆዱ ላይ ይጽፍባችኋል። ለዚህ ነው የባሰው። ወደ 0.005 መልሱት፣ «ማክስ ሬይ ዲስታንስ»ን 0.01 አድርጉ።

ያም ሆኖ መገናኛው ላይ ጥቂት እድፍ ይቀራል፤ እዚያ ሁለቱ ክፍሎች ስለሚነካኩ ጨረሩ የቱን እንደሚመታ አይለይም። ስለዚህ ለየብቻ ቤክ አድርጓቸው። ሆዱን ከሆዱ፣ መቅጃውን ከመቅጃው፣ እጀታውን ከእጀታው ጋር። በመጀመሪያው ቤክ «ክሊር ኢሜጅ» በርቶ፣ በሁለቱ ላይ ጠፍቶ፤ ሦስቱም አንድ ምስል ላይ ይሰበሰባሉ። የምርጫው ቅደም ተከተል አይረሳ፦ መጀመሪያ ከፍተኛው፣ መጨረሻ ዝቅተኛው። ምስሉ «ነን ከለር» ይሁን።

የጀርባው መስመር የዩቪ ስፌታችሁ (ምስሉን ለማልበስ ሜሹ የተተረተረበት መስመር) ነው። ማርጂኑን 16 ፒክሰል አድርጉት፤ 2 ወይም 3 ከሆነ ሚፕማፑ ሲያንስ የምስሉ ባዶ ቀለም ስፌቱ ላይ ይፈሳል። ከዚያ በኋላም መስመሩ ካልጠፋ ዝቅተኛው ሞዴል ላይ ትሪያንጉሌት ሞዲፋየር ከቤኩ በፊት ጨምሩ። ባለ አራት ጎኑን ፊት ብሌንደር በአንዱ ሰያፍ፣ ወደ ጎዶት ሲሻገር በሌላው ሰያፍ ከተከፈለ ኖርማል ማፑ ያልተሠራበት ሜሽ ላይ ይለጠፋል።

የኖርማል ማፑን አረንጓዴ ቻናል አትገልብጡ። ብሌንደርም ጎዶትም አንድ ዓይነት የኦፕንጂኤል አቅጣጫ ነው የሚከተሉት። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁት የዳይሬክትኤክስ ኖርማል ማፕ ካለ ግን እሱን ብቻ ገልብጡ፤ ምልክቱ የተቦረቦረው ጎልቶ፣ የጎላው ተቦርቡሮ መታየቱ ነው።


ጭቃ_ቤት፦

ለሲኒው ኖርማል ማፕ አትድከሙ። ለስላሳ ነው፣ በቀለም ብቻ ይበቃዋል። ጀበናው ላይ ግን ካሜራው 40 ሴንቲ ሜትር ድረስ ስለሚቀርብ የጣት ዱካውና የአንገቱ ጭረት ያስፈልጋሉ። ራፍነሱን (የገጹን ሻካራነት) አንድ ወጥ አታድርጉት፤ እሳት የነካው የታች ክፍል 0.95፣ እጅ የሚይዘው እጀታ 0.55 ገደማ። ቡና የጠጣ ጀበና እጀታው ነው የሚያብረቀርቀው።


ቡና_ቁርስ፦

እድፉ ጠፋ። መስመሩም ማርጂኑን ስናሰፋ ለቀቀ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ኢች (ጨዋታ የሚለቀቅበት ድረ ገጽ) ላይ ጫንነው፤ ገጹ ይከፈታል፣ ጨዋታው ግን ስለ ሼርድ አሬይ በፈር ስህተት ጽፎ ይቆማል። ስቲም ላይም ለማውጣት እያሰብን ነው።


ፍሬም_ቆጣሪ፦

የዌብ ኤክስፖርቱ ላይ «ትሬድ ሰፖርት» (ሥራዎችን ጎን ለጎን ማስኬድ) በርቶባችኋል። አጥፉትና እንደገና አውጡ። ከጎዶት 4.3 ጀምሮ ያለ ትሬድ መሄድ ይችላል፤ ለእናንተ ጨዋታ የሚጎድለው ነገር አይኖርም። ዚፑን ስታዘጋጁ ዋናው ፋይል «ኢንዴክስ» የሚል ስም ይኑረው፣ በፎልደር ውስጥ ሳይሆን ከላይ ይቀመጥ። የፋይሉ ስም በአማርኛ አይሁን።

ኢች ከሽያጩ የሚወስደውን ድርሻ እናንተ ናችሁ የምትወስኑት፤ ካልነካችሁት 10 በመቶ ነው። ስቲም ለአንድ ጨዋታ 100 ዶላር ያስከፍላል፤ ጨዋታው 1,000 ዶላር ገቢ ካስገባ ይመለሳል። ከከፈላችሁ በኋላ ለመልቀቅ 30 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው፤ «በቅርቡ ይወጣል» የሚለው ገጽም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ክፍት ሆኖ መቆየት አለበት። ስለዚህ ለበዓል ለማድረስ ካሰባችሁ ከበዓሉ ሁለት ወር አስቀድማችሁ ክፈሉ። ለስቲም የምታወጡት የዊንዶውስ ቅጂ ስለሚሆን ሬንደረሩን ወደ ፎርዋርድ ፕላስ መቀየር ትችላላችሁ፤ ግን ቀይራችሁ ብርሃኑን ሳታዩ አትልቀቁ፣ የምድጃው ፍካት በሁለቱ ሬንደረሮች እኩል አይወጣም።